የመሪባ ውኃ፦ የሙሴ ትዕግሥትና ቁጣ

የመሪባ ውኃ ታሪክ በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 20 ይገኛል። ቦታው በጺን ምድረ በዳ ያለችው ቃዴስ ናት፤ ብዙ ተመራማሪዎች በሰሜን ምሥራቅ ሲና ካለው የቁደይራት ምንጭ ጋር ያያይዟታል። «መሪባ» በዕብራይስጥ ጠብ፣ ክርክር ማለት ነው። ሙሴና አሮን ሕዝቡን ይዘው ወደ ተስፋይቱ ምድር እንዳይገቡ የተፈረደባቸው እዚህ ነው። ታሪኩን ከባድ የሚያደርገው የባለታሪኩ ማንነት ነው፤ እዚያው ዘኁልቁ 12፥3 ላይ በምድር ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትሑት የተባለው ሰው ነው የተቆጣው።

ምዕራፉ የሚጀምረው በሐዘን ነው። የሙሴ እኅት ማርያም ሞተች፣ ተቀበረችም፤ ሁሉም በአንድ ቁጥር ተነግሮ ያልቃል። ለአሮንም ለሙሴም 30 ቀን እንደ ተለቀሰ ተጽፏል፤ ለእርሷ የልቅሶ ቀን አልተጠቀሰም። ወዲያው የሚከተለው ሕዝቡ ውኃ ማጣቱ ነው። በለስ የለም፣ ወይን የለም፣ ሮማን የለም፣ ምነው ከወንድሞቻችን ጋር በሞትን እያሉ ተሰበሰቡበት። ሙሴ ይህን ሮሮ ለዓመታት ሲሰማ ኖሯል፤ እኅቱን በቀበረ ማግሥት መስማት ግን ሌላ ነገር ነው። ምዕራፉን ስናነብ ይህን ሐዘን ማለፍ አይገባንም።

ትእዛዙ በትሩን እንዲይዝ፣ ማኅበሩን እንዲሰበስብና ድንጋዩን እንዲናገረው ነበር። ሙሴ ግን ሕዝቡን ዓመፀኞች ብሎ ጠራ፣ ከዚህ ድንጋይ ውኃ እናወጣላችኋለን ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ድንጋዩንም ሁለት ጊዜ መታ። ቀድሞ በራፊዲም የታዘዘው መምታት ነበር (ዘጸአት 17)፤ በጭንቁ ሰዓት እጁ ወደ ለመደው ሄደ። ውኃውም ብዙ ሆኖ ፈለቀ፤ ሰውም ከብትም ጠጣ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው፦ ሥራው ተሳክቷል፤ ፍርዱ የመጣው ውኃው እየፈሰሰ ነው።

ጥፋቱ ምን እንደ ነበር የአይሁድ ሊቃውንት አልተስማሙም። ራሺ (1040–1105) መናገር ሲገባው መምታቱ ነው ይላል። ናህማኒደስ (1194–1270) «እናወጣላችኋለን» በሚለው ቃል ተአምሩን ለራሳቸው የወሰዱ መምሰላቸውን ይጠቁማል። ማይሞኒደስ ደግሞ ቁጣውን ያነሣል፤ ሕዝቡ ከመሪው ጠባይ ሁሉ ስለሚማር፣ ሙሴ ሲቆጣ እግዚአብሔር የተቆጣ ይመስለዋል፤ በተሰጠው ትእዛዝ ውስጥ ግን ቁጣ አልነበረም። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ይህ ነው። መልእክተኛው ላኪው ያልላከውን ቁጣ አደረሰ።

ቁጣ ሁሉ እንዲህ አልተቈጠረበትም። በሲና ተራራ ሥር የወርቁን ጥጃ ባየ ጊዜ ጽላቶቹን ሰብሯል፤ በዚያ ግን ገና ከተራራው ሳይወርድ ስለ ሕዝቡ ለምኖ ነበር፤ በኋላም ይቅር ካላልካቸው ከመጽሐፍህ ደምስሰኝ እስከ ማለት ደርሷል (ዘጸአት 32)። ሸክሙ በከበደበት ሌላ ቀንም፣ እባክህ ግደለኝ ብሎ ምሬቱን ለእግዚአብሔር እንጂ ለሕዝቡ አልተናገረም፤ መልሱም ሸክሙን የሚካፈሉት 70 ሽማግሌዎች ሆኑ (ዘኁልቁ 11)። በመሪባ ግን ከሕዝቡ ጋር መቆሙ ቀርቶ በተቃራኒው ቆመ።

በእኛ ዳዊት 105ኛው መዝሙር ሕዝቡንም ነፃ አያደርግም፤ መንፈሱን ያስመረሩት እነርሱ ናቸው ይላል። በዚያው የዘኁልቁ ምዕራፍ አሮን በሖር ተራራ ሞተ፤ ዕድሜው 123 ነበር። ሙሴ ተሻግሮ ምድሪቱን እንዲያያት ለመነ፤ የተፈቀደለት ከፈስጋ ራስ ላይ ሆኖ ማየት ብቻ ነበር፤ ኢያሱንም እንዲያደፋፍር ታዘዘ (ዘዳግም 3)። በ120 ዓመቱ ወደ ናባው ተራራ ከመውጣቱ በፊት ነገዶቹን በየስማቸው ባረከ፤ ዓመፀኞች ያላቸው ሰዎች ልጆች በመጨረሻ ከአፉ የሰሙት «ምስጉን ነህ» የሚል ቃል ነበር።