«ድንጋጤ ነው፣ ያልፍላታል»

መርዶ የሰማች ሴት ደረቷን ይዛ ቁጭ ትላለች። ትንፋሿ ያጥራል፣ ላብ ያጠምቃታል። ከጎኗ ያለው ሰው «ድንጋጤ ነው፣ ያልፍላታል» ይላል። ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው። አንዳንዴ ግን የልቧ ጫፍ በዚያው ሰዓት መኮማተሩን አቁሟል። ሕመሙ ታኮትሱቦ ይባላል።

«የልብ ስብራት አባባል እንጂ በሽታ አይደለም»

የልብ ስብራት የሚባለው ይኸው ታኮትሱቦ በልብ አልትራሳውንድ በዓይን ይታያል። ደም ወደ ሰውነት የሚገፋው የልብ ግራ የታችኛው ክፍል ጫፉ ተነፍቶ፣ አንገቱ ብቻ ይጨመቃል። እ.ኤ.አ. በ1990 ሕመሙን የገለጹት የጃፓን ሐኪሞች ምስሉን ሲያዩ የታወሳቸው የአገራቸው ዓሣ አጥማጆች ኦክቶፐስ የሚይዙበት ሆደ ሰፊ፣ አንገተ ጠባብ ማሰሮ ነበር። ታኮትሱቦ የማሰሮው ስም ነው። ዋናው ተጠርጣሪ በድንጋጤ ጊዜ ደም ውስጥ የሚጎርፈው አድሬናሊንና መሰሎቹ ሆርሞኖች ናቸው፤ የልብን ጡንቻ ያፈዙታል።

«ከሐዘን የመጣ ከሆነ የደም ሥር መዘጋት አይደለም»

ከሁሉም የሚያሰጋኝ ይህኛው ነው። የታኮትሱቦና የልብ ደም ሥር መዘጋት የደረት ሕመም አንድ ነው። የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ልብ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚገኘው ትሮፖኒንም ይጨምራል። ሁለቱን አስተማማኝ በሆነ መንገድ የሚለየው ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ቱቦ የልብን ደም ሥሮች ማየት ነው፤ ሕመሙ ታኮትሱቦ ከሆነ ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሚሆን መዘጋት አይገኝም። በዚያ ላይ ሐዘን ራሱ እውነተኛውን የደም ሥር መዘጋት ሊቀሰቅስ ይችላል። የመርዶውን ሰዓት ቆጥሮ ቤት ውስጥ የሚፈርድ ሰው ቁማር እየተጫወተ ነው። እንዲህ ያለ ሕመም ሲመጣ መልሱ አምቡላንስ ነው።

«የሚያመጣው ሐዘን ብቻ ነው»

የአስም መነሣት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ከባድ ኢንፌክሽን፣ ስትሮክም ያመጡታል። ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ ላይ ደግሞ ምንም ቀስቃሽ አይገኝም። ደስታም አለበት፦ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ አንድ ጥናት ስሜት ከቀሰቀሰባቸው 485 ታማሚዎች መካከል 20ዎቹ ልባቸውን ያመማቸው በደስታ ነበር።

«ስሜተ ስስ ሴቶችን የሚይዝ ነው»

ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ገደማ ሴቶች መሆናቸው እውነት ነው፤ አብዛኞቹም ያረጡ ናቸው። ለዚህም ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን መቀነስ ይጠረጠራል። ስስነት የሚባለው ግን ከሕክምና ሳይሆን ከሐሜት የመጣ ቃል ነው። ወንዶችን የሚይዘው ከስንት አንዴ ቢሆንም፣ ሲይዛቸው የመሞት ዕድላቸው ከሴቶቹ ይበልጣል።

«ጊዜያዊ ስለሆነ አያሰጋም»

ልብ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ መጨመቁን መልሶ ያገኛል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ሌላ ናቸው። ሳንባ ውሃ ሊቋጥር፣ የልብ ምት ሊዛባ፣ በፈዘዘው ጫፍ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ሆስፒታል ከገቡት 100 ሰዎች 4 ወይም 5 ያህሉ እዚያው ይሞታሉ። የዳኑትም አልትራሳውንዱ ደህና ነው ካለ በኋላ ለወራት ደረጃ ሲወጡ ሊደክማቸው ይችላል፤ ይህን ድካም «ሐሳብ ነው» ብሎ ማጣጣል ተገቢ አይደለም። ሕመሙ በጥቂቶች ላይ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት የልብ ምት የሚያረጋጉ መድኃኒቶች መመለሱን እንደሚከላከሉ እስካሁን አልተረጋገጠም።