«ጋሼ፣ ፊልም እኮ ያሳያል!»፦ ስለ ልብ ሰቀላ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር አስፈሪ ታሪክ የሚጽፍ ወጣት ሞልቷል። ጣና አለ፣ የዘጌ ጫካ አለ፤ መቼት አይቸግርም። ጣጣው የሚመጣው ታሪኩ ወደ ፊልም ሲዞር ነው። ረቂቅ ይዘው ወደ እኔ በመጡ ቁጥር ስለ ልብ ሰቀላ፣ ማለትም ተመልካቹን «ምን ይመጣ ይሆን?» እያሰኙ ስለማስጨነቅ፣ ያው ወሬ ነው። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚህ ጽፌው ልገላገል።

«ሙዚቃ ከሌለ አያስፈራም።» ያስፈራል እንጂ። ያለ ሙዚቃ የማያስጨንቅ ትዕይንት መጀመሪያውኑም ባዶ ነበር።

«ፊልሙ መጽሐፉን ቃል በቃል መከተል አለበት።» የለበትም። በስቲቨን ኪንግ «ዘ ሻይኒንግ» ልብ ወለድ (እ.ኤ.አ. 1977) በእንስሳት ቅርጽ የተከረከሙ ቁጥቋጦዎች አሉ። ሰው ዘወር ሲል ይንቀሳቀሳሉ። ወረቀት ላይ ያስጨንቃል፤ ስክሪን ላይ ግን የሚራመድ ቁጥቋጦ ሊያስቅ ይችላል። ስታንሊ ኩብሪክ በ1980ው ፊልሙ እነሱን ትቶ፣ በረጃጅም የቁጥቋጦ አጥር መሐል መውጫው የሚጠፋ ጠመዝማዛ መንገድ አስገባ። ኪንግ ፊልሙን አልወደደውም። ተመልካቹ ግን እስከ ዛሬ ይፈራዋል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ጋሼ፣ ፊልም እኮ ያሳያል፤ ስለዚህ ከጽሑፍ ይበልጥ ያስፈራል።»

አንድ ጎበዝ ልጅ ግሩም ታሪክ ጽፎ ነበር። ዓሣ አጥማጁ ሲመሻሽ ታንኳው ላይ ብቻውን ነው። ከሥር የሆነ ነገር የታንኳውን ደንገል ይነካል። ሰውየው «ጉማሬ ነው» እያለ ራሱን ያታልላል። እኛም አእምሮው ውስጥ ስላለን አብረነው እንታለላለን፤ ግን አላመንንም። ልባችን የተሰቀለው እዚያ ላይ ነው። ልጁ ፊልም ሲያደርገው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ገና ከመነሻው ጭራቁን ከውሃ አወጣው። የላስቲክ ጭምብል! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን፣ ሰው ስለሚበላ ሻርክ የሚተርከውን «ጆውስ» ፊልም ተመልከቱ። ሜካኒካሉ ሻርክ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ ዳይሬክተሩን ስቲቨን ስፒልበርግን አስቸገረው። ስለዚህ ክንፉን ወይም የሚጎትታቸውን ቢጫ በርሜሎች ብቻ እያሳየ ቀጠለ። ሻርኩ በቅጡ የሚታየው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

«እሺ፣ እንግዲያው ሁሉንም ልደብቅ» ይላሉ ደግሞ። እሱም አይደለም። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ ያስረዳው ነገር አለ። ጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብ ሳናውቅ ቢፈነዳ ለ15 ሰከንድ እንደነግጣለን። ቦምቡን አስቀድመን ካየነው ግን ሰዎቹ ተራ ወሬ ሲያወሩ 15 ደቂቃ ሙሉ እንጨነቃለን።

ጽሑፍ የሰውየውን ሐሳብ ይሰጠናል። ካሜራ ይህ የለውም፤ ስለዚህ ሰውየው የማያውቀውን ለእኛ ያሳውቀን። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ታንኳ ወጥቶ መድረቅ አለበት። እንግዲህ ታናሽ ወንድሙ ታንኳውን ውሃ ላይ ትቶት ሲያድር አሳዩን። በማግስቱ አጥማጁ ምንም ሳይጠረጥር እያንጎራጎረ ይውጣ። ካሜራው ታንኳው ጠርዝ ላይ ይቁም፤ ውሃው ቀስ እያለ ይቅረበው። አትቸኩሉ። አንባቢ ገጹን በፍጥነት መግለጥ ይችላል፤ አዳራሽ የገባ ተመልካች ግን ሰዓቱ በእናንተ እጅ ነው። ከሥር አንድ ጊዜ «ኳ» ይበል። ሰውየው ዝም ይበል። ከዚያ መልሳችሁ ወደ ወንድምየው ቤት ውሰዱን፤ ቁርሱን ይብላ።

«አስፈሪ ትዕይንት ማታ ነው የሚቀረጸው» ለምትሉም፦ «ጆውስ» ላይ ትንሹ ልጅ የሚበላው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት የባሕር ዳርቻ ነው። ጄኔሬተር ከመከራየታችሁ በፊት ይቺን አስቡባት።