የአስተን ማርቲን ዲቢ 4፣ ዲቢ 5 እና ዲቢ 6 ሰርቪስና ጥገና

ዲቢ 4፣ ዲቢ 5 እና ዲቢ 6 የእንግሊዙ አስተን ማርቲን ከ1958 እስከ 1970 የሠራቸው የቅንጦት መኪኖች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሦስቱም «ግራንድ ቱሪንግ» ከሚባለው ወገን ይመደባሉ። ሰው ሻንጣውን ጭኖ አገር ለአገር በፍጥነትና ሳይንገላታ እንዲሄድባቸው ነው የተሠሩት። ዛሬ የመጨረሻዋ እንኳ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗታል። ብዙዎቹ ግን አሁንም ይነዳሉ።

ስለ መኪኖቹ ዝና በአማርኛ የሚነበብ ነገር አይጠፋም። ስለ ጥገናቸው ግን አንድ ቦታ ተሰብስቦ የተጻፈ አላገኘሁም። እኔ በአብዛኛው የተደገፍኩት በዘመኑ ለመካኒኮች በተዘጋጀው የጥገና መመሪያ ነው። ስለዚህ ሞተሩና አካሉ ሰፊ ቦታ ወስደዋል።

ኒውፖርት ፓግኔል

አስተን ማርቲንን ላይኔል ማርቲንና ሮበርት ባምፎርድ በ1913 መሠረቱት። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ብዙ ጊዜ ተቸግሮ ብዙ እጅ ቀያይሯል።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ዓመት 1947 ነው። የማርሽና የትራክተር አምራቹ ዴቪድ ብራውን በዚያ ዓመት ድርጅቱን ገዛ። «ዲቢ» የስሙ ምህጻር ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ቲክፎርድ የተባለውን የመኪና አካል ሠሪ ጨመረ። ቲክፎርድ ያለው ከለንደን በስተሰሜን፣ በኒውፖርት ፓግኔል፣ በቲክፎርድ ጎዳና ላይ ነበር። ግቢው ከዚያ በፊት የሳልመንስ ቤተሰብ የፈረስ ሠረገላ ይሠራበት ነበር። ሠረገላ የለመደ ግቢ ነው አስተን ማርቲንን የተቀበለው።

በኒውፖርት ፓግኔል የመኪና ምርት በ2007 አበቃ። ፋብሪካው ወደ ጌይደን ሄደ። የጥገናው ክፍል ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ዛሬ አስተን ማርቲን ወርክስ ይባላል። በ2017 ደግሞ 25 አዳዲስ ዲቢ 4 ጂቲ (የዲቢ 4 የውድድር ዓይነት) መኪኖችን በአሮጌው ንድፍ መሥራት ጀመረ። በስንት ዓመቱ በተወለደበት ሰፈር የሚታከም መኪና በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም። ለሙያው ትልቅ ክብር ነው።

አካሉ

ዲቢ 4ን የነደፈው የሚላኑ ቱሪንግ ነው። የአሠራሩ ስም «ሱፐርሌጀራ» ይባላል፤ በጣሊያንኛ ክብደቱ እጅግ ቀላል ማለት ነው። ከታች መኪናውን የሚሸከም ጠንካራ የብረት ሻንሲ አለ። ከላዩ ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በመኪናው ቅርጽ ተበይደዋል። ከቱቦዎቹ ላይ በእጅ እየተቀጠቀጠ የወጣ አሉሚኒየም ለብሷል።

ውበቱም ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው ውሃ ሲገባባቸው እንደ ባትሪ መሥራት ይጀምራሉ። አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። የእንግሊዝ መንገድ ክረምት ላይ በረዶ እንዳይዝ ጨው ስለሚነሰነስበት ጉዳዩ ይፈጥናል። ብረቱም በበኩሉ ይዝጋል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንደሚባለው፣ ቀለሙ እያብለጨለጨ ውስጡ ሊያልቅ ይችላል። ቀለም ላይ ትንንሽ እብጠት ከታየ ሥሩ ቀድሞ ተበልቷል ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ከበሩ ሥር ያለው ክፍል ነው። ቀጥሎ ክሪክ የሚገባበት ቦታና የኋላው አክሰል ዘንጎች ከሻንሲው ጋር የሚያያዙበት መቀመጫ ይፈተሻሉ። ጥገናው ትዕግሥት ይጠይቃል። አሉሚኒየሙ ተነሥቶ የዛጉት ቱቦዎች ይቆረጣሉ፣ አዲስ ይበየዳል። በሁለቱ ማዕድናት መካከልም እንዳይነካኩ የሚያደርግ መለያ ይገባል። የአንዱን መኪና በር አንስቶ ለሌላው መግጠም አይቻልም። ሁሉም በእጅ ስለተሠራ ልኩ ይለያያል። ጥሩ ባትላሜራ እዚህ ላይ ነው የሚለየው። ዲቢ 6 ላይ የሱፐርሌጀራው አሠራር በአብዛኛው ቀርቷል።

በእኔ እምነት ገንዘብ ሲያጥር ቅድሚያ ለአካሉ ነው። ሞተር ሁልጊዜ ወርዶ ሊታደስ ይችላል።

ሞተሩ

ሞተሩን የነደፈው ፖላንዳዊው መሐንዲስ ታዴክ ማሬክ ነው። 6 ሲሊንደር በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ላይ ቫልቮቹን የሚከፍቱ፣ በሰንሰለት የሚዞሩ ሁለት ካምሻፍቶች አሉ። ዲቢ 4 ላይ 3,670 ሲሲ ነበር፤ የሲሊንደሩ ስፋትም የፒስቶኑ ምልልስም 92 ሚሊ ሜትር። ለዲቢ 5 ስፋቱ 96 ሆኖ ሞተሩ ወደ 3,995 ሲሲ አደገ።

ማሬክ ለብሎኩ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ለያዘው የሞተሩ ዋና አካል፣ መጀመሪያ ያሰበው ብረት ነበር ይባላል። ቀልጦ የሚፈስበት ፋብሪካ የተገኘው ግን ለአሉሚኒየም ብቻ ስለነበር ብሎኩም አሉሚኒየም ሆነ። አሉሚኒየም ሲግል ከብረት የበለጠ ይሰፋል። ስለዚህ ክራንክሻፍቱ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) የሚዞርባቸው ኩሽኔቶች ክፍተታቸው ይጨምራል፣ የዘይት ግፊት ይወርዳል። ኤም 1 የተባለው አውራ ጎዳና በ1959 ሲከፈት ባለቤቶች ለረጅም ሰዓት በሙሉ ፍጥነት መንዳት ቻሉ። የመጀመሪያዎቹ ዲቢ 4ዎች ኩሽኔት እየበሉ የተቸገሩት ያኔ ነው። ፋብሪካው የዘይቱን መጠን ጨመረ፣ የዘይት ማቀዝቀዣም አቀረበ። ጉድለቱን አይቶ ማረም ለዚህ ፋብሪካ ባህሉ ነበር። ዛሬም መካኒኮች ወፈር ያለ 20/50 ዘይት ይመርጣሉ። ሞተሩ ሳይሞቅ ነዳጅ መርገጥም አይወዱም።

ሁለተኛው ደካማ ጎን ውሃው ነው። ፒስቶኖቹ የሚመላለሱት ዙሪያቸውን ውሃ በሚነካቸው፣ ሊነር በሚባሉ ቱቦዎች ውስጥ ነው። ሊነሮቹ ከታች በጎማ ቀለበት ይታሸጋሉ። ቀለበቱ ሲያረጅ ብሎኩ ጎን ካሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ውሃ ወይም ዘይት ይንጠባጠባል። መኪና ለመግዛት የሄደ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ጎንበስ ብሎ እነዚህን ቀዳዳዎች ማየት አለበት። ዝገትና ጭቃ ደግሞ ከኋላ፣ 5ኛውና 6ኛው ሲሊንደር አካባቢ ይከማቻል። ራዲያተሩ ንጹሕ ሆኖ ሞተሩ ከጋለ ጥርጣሬው ወደዚያ ነው። ዝገት የሚከላከል የራዲያተር ፈሳሽ በወቅቱ መቀየር ከሁሉም ርካሹ መድኃኒት ነው። የውሃ ቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላት ግን ሞተር መግደል ነው።

በሰርቪስ ጊዜ ብዙ ሰዓት የሚፈጀው የቫልቭ ክፍተት ነው። ማስተካከያ ብሎን የለውም። በቀዝቃዛ ሞተር ይለካል፣ ልክ ካልሆነ ካምሻፍቱ ይወርድና ከሥሩ ያለችው ቀጭን ዲስክ በሌላ ውፍረት ትተካለች። አየርና ነዳጅ የሚቀላቅሉት የኤስዩ ካርቡራተሮች ደግሞ ጆሮ ይፈልጋሉ፤ መደበኛው ዲቢ 4 ላይ ሁለት፣ ዲቢ 5 እና ዲቢ 6 ላይ ሦስት ናቸው። መካኒኩ የላስቲክ ቱቦ ጆሮው ላይ አድርጎ የእያንዳንዱን የአየር ፉጨት ያዳምጣል። ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪሰጡ ያስተካክላል። መሣሪያ ያለውም ቢሆን በመጨረሻ ወደ ጆሮው ይመለሳል።

ነዳጅ ላይ ባለቤቶች አይስማሙም። ሊድ (እርሳስ) ያለው ቤንዚን በብሪታንያ ከገበያ የወጣው በ2000 ነው። አንዳንዱ የቫልቭ መቀመጫ ይቀየር ይላል፣ ሌላው ምንም አልሆነብኝም ይላል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ከ2021 ወዲህ የመጣው 10 በመቶ ኤታኖል ያለው ቤንዚን ግን አያከራክርም። የድሮ የነዳጅ ጎማዎችን ይበላል። ጎማዎቹን መቀየርና ኤታኖሉ ያነሰውን ቤንዚን መሙላት ያስፈልጋል።

ሌላው ክፍል

ፍሬኑ አራቱም ጎማ ላይ ዲስክ ነው። ዲቢ 4 የዳንሎፕ፣ ዲቢ 5 የጊርሊንግ ኩባንያ ሥራ ስለሆነ ዕቃ ሲታዘዝ መጠንቀቅ ይገባል። የሽቦ ቸርኬው የሚታሰረው መሐል ላይ ባለ አንድ ትልቅ ፍሬ ነው። የቀኝና የግራው ጥርስ ተቃራኒ ነው። መምቻውም የመዳብ መዶሻ ነው፤ በብረት መዶሻ የተመታ ፍሬ ሳይ ያመኛል። ኤሌክትሪኩ የእንግሊዙ ሉካስ ኩባንያ ነው።

ቁጥርና መዝገብ

የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከፋብሪካው መዝገብ ጋር መግጠሙ ዋጋውን በእጅጉ ይወስናል። ስንት ዲቢ 5 እንደተሠራ ግን ምንጮች ይለያያሉ። 1,059 የሚል አለ፣ ከዚያ ዝቅ የሚያደርግም አለ። ልዩነቱ ክፍት ጣሪያዎቹ አብረው መቆጠር አለመቆጠራቸው ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ሞተሩን ወደ 4.2 ሊትር ማሳደግና መሪውን በኃይል የሚታገዝ ማድረግ የተለመደ ሆኗል። የወጣው ዕቃ ቁጥሩ ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ እስከተቀመጠ ድረስ ክፋት የለውም። ሻንሲ መቁረጥ ግን ስህተት ነው። የተቆረጠውን ማንም አይመልሰውም።

ለክረምት የሚቆም መኪና ከመቆሙ በፊት ዘይቱ ይቀየራል፣ ከሥሩ ያለው ጨው ታጥቦ ይደርቃል። በየሳምንቱ ለ5 ደቂቃ ማስነሣት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ እርጥበቱ ዘይቱና ማርሚታው ውስጥ ይቀራል። ወይ እስኪሞቅ ድረስ ይነዳል፣ ወይ እስከ ጸደይ ጨርሶ አይነካም።