ከደም አድነኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመካከላችን መዝሙር 50ን በቃሉ የማያውቅ ጥቂት ነው። «ተሣሀለኒ እግዚኦ» ብለን ከጀመርን ልባችን ሌላ ቦታ ቢሆንም ምላሳችን ይጨርሰዋል። መሐሉ ላይ ግን እንዲህ የሚል ቃል አለ፦ «አድኅነኒ እምደም እግዚአብሔር አምላከ መድኃኒትየ»፤ የመድኃኒቴ አምላክ እግዚአብሔር ሆይ፥ ከደም አድነኝ። እዚህ ቃል ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ድምፃቸው የሚቋረጥ አንድ ሰው አውቅ ነበር። እኛ ጨርሰን ወደ ቀጣዩ ጸሎት ስንሻገር እርሳቸው እዚያው ቆመዋል።

አያ እንላቸው ነበር፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከቢቸና ወደ ደብረ ወርቅ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ መንደር ያደጉ ገበሬ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. የሚሊሺያ ጥሪ ሲመጣ በሬያቸውን ከቀንበር ፈትተው ሄዱ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው የሶማሊያን ወረራ ለመመከት ወደ ሐረርጌ ዘመቱ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ሲያዝ እዚያ ነበሩ። ከዚያ ወደ ሰሜን ተላኩ። መጋቢት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ የተደረገው የአፍአበት ውጊያ ከተሰማ በኋላ ለአያቴ መርዶ ተነገራት፤ ልጅሽ እዚያ ቀርቷል ተባለች። አንዱን በሬዋን ሸጣ ጠላ ጠመቀች፣ ካህናቱን ጠርታ ፍትሐት አስፈታች፣ ተዝካር አወጣች።

አያ ግን አልሞቱም ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ሸዋ ውስጥ ነበሩ። ጎሐ ጽዮን ደርሰው፣ ቁልቁል ወርደው አባይን ተሻገሩና ወደ ደጀን ወጡ። ጫማቸው አባይ በረሃ ውስጥ ተበጣጥሶ ቀርቷል። በየመንገዱ እንጀራ የሰጧቸው እናቶች ባይኖሩ ኖሮ ቤታቸው ባልደረሱ ነበር፤ ይህን ሁሌም ይናገሩት ነበር። መንደር ሲገቡ አያቴ በር ላይ ሽንብራ ስትለቅም አገኟት። ቀና ብላ አየቻቸውና ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። «አንተ እኮ ተፈትቶልሃል» አለቻቸው። የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር፤ እልልታው የመጣ ከዚያ በኋላ ነው።

አያ ይህን ሲያጫውቱን ፈገግ አይሉም ነበር። በቁም ሳሉ ስማቸው ከሙታን ጋር መነሳቱ አንድ ነገር አስተማራቸው። ጓዶቻቸውን ሜዳ ላይ ጥለው መጥተዋል፤ የእነዚያ እናቶች ደግሞ ልጄ ይመጣል እያሉ በር በሩን ያያሉ፤ ፍትሐት የፈታላቸው፣ ስማቸውን የጠራላቸው የለም። እርሳቸው ሳይሞቱ የተደረገላቸው ለእነዚያ ሞተውም አልተደረገም።

በምሽግ ውስጥ አንድ ልማድ ነበራቸው። በዚያ ዘመን የአለቃ ጆሮ ስለሚፈራ ሌሊት በሹክሹክታ ስመ ክርስትናቸውን ይለዋወጡ ነበር። «እኔ ብወድቅ ለቄስ ንገርልኝ፤ አንተ ብትወድቅ እነግርልሃለሁ።» ልብ በሉ፣ መስቀል በአንገት ማሰር በሚያስጠይቅበት ቦታ እነዚህ ልጆች አንዱ የሌላውን ነፍስ በአደራ ይቀበል ነበር። አንዱ ወልደ፣ አንዱ ገብረ፣ አንዱ ኃይለ። አያ ፊደል አልቆጠሩም፤ ስሞቹን ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በልባቸው ይዘው መጡ።

እንደመጡም በመጀመሪያ የሄዱት ወደ ንስሐ አባታቸው ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ስለ ጀግኖቻችን ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ይህን ነውና። ሰው ለአገሩ ሲዘምት እናከብረዋለን፤ ማክበርም ይገባናል። መጥምቁ ዮሐንስ «እኛ ደግሞ ምን እናድርግ?» ብለው ለጠየቁት ጭፍሮች በማንም ግፍ አትሥሩ፣ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው እንጂ ወታደርነታችሁን ተዉ አላላቸውም። ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስም ቅዱስ መርቆሬዎስም ወታደሮች ነበሩ። ሆኖም ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ነፍሱ ውስጥ የሚሸከመው ነገር አለ፤ በፉከራና በሽለላ አይወርድለትም። ዳዊት የእግዚአብሔርን ጦርነት የተዋጋ ንጉሥ ነው። እንደዚያም ሆኖ ቤተ መቅደስ ልሥራ ሲል ብዙ ደም አፍስሰሃልና አንተ አትሠራልኝም ተባለ። በመዝሙር 50 የሚያለቅሰው ደግሞ ስላስገደለው ስለ ኦርዮ ነው፤ ስለ ገዛ ወታደሩ ደም።

አያ ቀኖና ተቀበሉ። ስንት ዓመት እንደሆነ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም። እኛ ልጆቹ የምናውቀው እሑድ እሑድ ሕዝቡ ሥጋ ወደሙ ሲቀበል እርሳቸው ነጠላቸውን አደግድገው ከዋርካው ሥር ይቆሙ እንደነበር ነው። በኋላ አንድ የፋሲካ ሌሊት ከሕዝቡ ጋር ሲገቡ አያቴ ማልቀሷን አስታውሳለሁ።

ዳዊት ቤቱን አትሠራም ሲባል ምን አደረገ? አኩርፎ አልተቀመጠም። ወርቁን፣ ብሩን፣ ናሱን፣ እንጨቱንና ድንጋዩን ለልጁ ሲሰበስብ አረጀ። የአያም ቀሪ ዕድሜ እንደዚሁ ነው። አባቴ ሞቶ ስለነበር እኔንና ሁለት እኅቶቼን አሳደጉን። እርሳቸው ሳይማሩ እኛን አስተማሩን፤ ጤፉ ባልያዘበት ዓመት እንኳ ደብተር አልጎደለብንም። ምሽግ ሲቆፍር የኖረ እጃቸው በተዳፋቱ እርሻ ላይ እርከን ሠራ፣ የእድሩን መቃብር ቆፈረ። መንገደኛ በበራቸው ሲያልፍ ምሳ ሳይበላ አይሄድም፤ በአባይ መንገድ የተበደሩትን እየመለሱ ነበር።

አንድ ቀን ያየሁትን ላካፍላችሁ። በመንደራችን በድንበር ጠብ ሰው ሞተ። ጎጃም ውስጥ ደም ምን ማለት እንደሆነ ለምታውቁት ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ የሟች ወንድሞች ክላሽ ይዘው ገዳዩን እየጠበቁ፣ የገዳይ ቤተሰብም እርሻ መውጣት ትቶ ወራት አለፉ። ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው ተመላለሱ፤ በመጨረሻ የሟች እናት እርቁን ለመስማት እሺ አለች። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ያን ጊዜ አያ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተነሡና ከመሬት ሌላ ድንጋይ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አድርገው ከልጁ ጎን ተንበረከኩ።

ሰው ሁሉ ደነገጠ። እናትየዋ «እርስዎ ምን በደሉኝ?» አለች።

«አንቺን አልበደልኩም፣ እቴ። እኔም የሰው ልጅ ገድያለሁ። የእነዚያን ልጆች እናቶች አላውቃቸውም፤ አገራቸው ሩቅ ነው፣ ቋንቋቸውንም አልሰማ። ይቅር በሉኝ ብዬ የምሄድበት ደጅ የለኝም። አንቺ ስለ እነርሱ ይቅር በይኝ።»

እናትየዋ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ቀርባ መጀመሪያ ከአያ ትከሻ፣ ቀጥሎ ከልጁ ትከሻ ድንጋዩን አወረደች። የሟች ወንድሞችም መሣሪያቸውን ለካህኑ አስረከቡ።

ወገኖቼ፣ ይቅርታ ስንለምን ብዙዎቻችን ከድንጋዩ በፊት ምክንያታችንን እናስቀድማለን፤ አገር ነው፣ ትእዛዝ ነው፣ እርሱ ጀምሮኝ ነው። አያ ምክንያት ሞልቷቸው ነበር፤ የተወረረ አገር መከላከል ትንሽ ምክንያት አይደለም። ምክንያታቸውንም አልካዱም። በእግዚአብሔርና በአንዲት እናት ፊት ግን ድንጋዩን ይዘው ቀረቡ። ንስሐ ማለት ይህ እንደሆነ የተማርኩት ያን ቀን ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ላይ ስለ መቶ አለቃው ስለ ቆርኔሌዎስ ተጽፏል። ከቤተ ሰዎቹ ሁሉ ጋር እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ለሕዝብም ምጽዋት የሚያደርግ ወታደር ነበር። መልአኩ ሲገለጥለት ስለ ውጊያው አንድ ቃል አላነሣም፤ «ጸሎትህና ምጽዋትህ በእግዚአብሔር ፊት ለመታሰቢያ እንዲሆን አረገ» አለው። አያ ሜዳልያ አልነበራቸውም፤ የነበሩበት ሠራዊት ፈርሷል፣ የአገልግሎት ወረቀታቸውም ጠፍቷል። የየካቲት ጊዮርጊስ ግን፣ የዐድዋ ድል ቀን በሚከበርበት በ23፣ በየዓመቱ ዳቦና ጠላ ይዘው ደጀ ሰላም ይገቡ ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ካራማራ ነው። ካህኑን ጠጋ ብለው ስሞቹን ይቆጥሩላቸው ነበር፤ ካህኑም በጸሎት ያነሧቸው ነበር።

ሊያርፉ ሲሉ እኔን አስጠሩኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ አሉኝና አንድ በአንድ አስጻፉኝ። አሥራ አንድ ስም። አሥሩን ሳይደናቀፉ ተናገሩ። አሥራ አንደኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የዚህን ስሙን አላውቀውም። ከሌላ ክፍል የመጣ ልጅ ነው። ቆስዬ ወድቄ ሳለ የኮዳውን ውኃ ለእኔ ሰጠኝ፤ እዚያው አጠገቤ ተመታ። ሳልጠይቀው ሞተ።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ፣ አያ?»

«ውኃ ያጠጣኝ በል። እግዚአብሔር ያውቀዋል።»

እንደዚያ ብዬ ጻፍኩ። አሁን ወረቀቱን ለካህኑ የምወስደው እኔ ነኝ። የአያ ስመ ክርስትና ከሥር ተጨምሯል። በመጀመሪያው ዓመት ካህኑ አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝና ይህ ምንድነው ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ዘንድሮ «ውኃ ያጠጣኝ» ብለው ሳያቋርጡ ጠሩት።