በውድስቶክ የቢሊንግስና የሮክፌለር ቤተሰብ ደን

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በቨርሞንት ግዛት፣ ከውድስቶክ ከተማ ዳር የሚገኘው ማርሽ-ቢሊንግስ-ሮክፌለር ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ 225 ሄክታር ያህል ስፋት አለው። በስሙ ሦስት ቤተሰብ ቢጠራም፣ ዛፉን ተክለው ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቀው ያቆዩት የፍሬደሪክ ቢሊንግስ ወገኖች ናቸው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው መጀመሪያ የማርሽ ቤተሰብ ነበር። በ1801 በውድስቶክ የተወለደው ጆርጅ ፐርኪንስ ማርሽ፣ ለእንጨትና ለበግ ግጦሽ የተመነጠረው ኮረብታ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩን ለጎርፍ ሲሰጥ እያየ አደገ። በ1864 ባሳተመው መጽሐፍ የተራራ ደን ሲጠፋ ምንጭ እንደሚደርቅና ወንዝ በደለል እንደሚሞላ በዝርዝር አስረዳ።

ቢሊንግስ በሳን ፍራንሲስኮ በጥብቅና ሀብት ያፈራ፣ ኋላም የኖርዘርን ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ነው። በ1869 የማርሾችን ርስት ገዝቶ የተራቆተውን የማውንት ቶም ኮረብታ ተዳፋት በችግኝ መሸፈን ጀመረ። ከተከላቸው መካከል ከአውሮፓ የመጡት የጥድ ወገን ዛፎች፣ የኖርዌይ ስፕሩስና ላርች፣ ይገኙበታል። ዛሬ ቢሆን አገር በቀሉን አስቀድም ይባል ነበር፤ ግጦሽ ያደከመው መሬት ግን የሚፈልገው ቶሎ ጥላ የሚሰጥና አፈር የሚይዝ ዛፍ ነበር። በተዳፋቱ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ የጋሪ መንገድም ዘረጋ። እንዲህ ያለ መንገድ ዕድሜው በጎኑ ባለው ቦይ ይወሰናል፦ ቦዩ በቅጠል ከተደፈነ ውኃው መሐል መንገዱን ይዞ ይወርድና በአንድ ክረምት ያርሰዋል።

ቢሊንግስ በ1890 ሲሞት ሥራው አልተቋረጠም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ክፍል ይህ ነው፤ ባለቤቱ ጁሊያና ሦስቱ ሴቶች ልጆቹ እርሻውንም ደኑንም ለአሥርተ ዓመታት አስተዳደሩ። ከልጆቹ አንዷ ኤልሳቤጥ ዕፅዋት አጥኚ ነበረች፤ ፈርን ለተባለው አበባ የለሽ ቅጠላማ ተክል የአትክልት ሥፍራም አልምታለች። የልጅ ልጁ ሜሪ ፍሬንች በ1934 ሎራንስ ሮክፌለርን አገባች። የእሱም ቤት ለዚህ ነገር እንግዳ አልነበረም፦ አባቱ በዋዮሚንግ ግዛት በጃክሰን ሆል ሸለቆ ያስገዛውን ሰፊ መሬት በ1949 ለመንግሥት ሰጥቷል፤ ሎራንስ ራሱም በ1956 በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በሴንት ጆን ደሴት ለቨርጂን አይላንድስ ብሔራዊ ፓርክ መሬት ለግሷል።

ባልና ሚስቱ የውድስቶኩን ርስት ያስረከቡበት መንገድ ልብ ይባላል። ፓርኩ በ1992 በሕግ ተቋቋመ፤ እነሱ ግን በሕይወት እስካሉ በመኖሪያ ቤቱ የመቆየት መብት አስቀሩ። ሜሪ በ1997 ካረፈች በኋላ ፓርኩ በ1998 ለሕዝብ ተከፈተ። እርሻው ከስጦታው ውጭ ሆኖ በቤተሰቡ በተመሠረተ ድርጅት እጅ ቀረ፤ ላም ይታለብበታል፣ ከ1983 ጀምሮም ሙዚየም ነው። 35 ሄክታር የሚያህለው ይህ አካባቢ የጥበቃ ቀጠና ተብሎ ስለተከለለ፣ ከደኑ ሥር የሚታየው ሜዳ በግንባታ አይሞላም።

ትልቁ ራስ ምታት የዛፎቹ ዕድሜ ነው። በአንድ ወቅት የተተከለ አብሮ ያረጃል። ስፕሩስ ሥሩን ብዙ ወደ ታች ስለማይሰድ፣ ተጠጋግቶ ያደገው ግንድ ጎረቤቱ ድንገት ሲቆረጥ ለነፋስ ይጋለጣል፤ አንዱ ሲወድቅም ሌላውን ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ ዛፎቹን እየመረጡ በመቁረጥ ማሳሳቱ ጥቂት በጥቂት፣ ዓመታት እየተጠበቀ ይሠራል። መጀመሪያ የታመመውና የቀጨጨው ምልክት ይደረግበታል፤ ቀጥሎ ከሥሩ የበቀለ አገር በቀል የሜፕል ችግኝ ብርሃን እንዲያገኝ ከላዩ ይከፈትለታል። ግንድ ለመጎተት የሚመረጠው መሬቱ በበረዶ የጠነከረበት ጊዜ ነው። ጭቃ ላይ ከተጎተተ የጎታቹ ተሽከርካሪ ጎማ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፤ የተጠቀጠቀ አፈር ውኃ አያሰርግም፣ የጎማው ዱካም የጎርፍ መውረጃ ይሆናል።