ሪቡት ምንድን ነው? የምንወደው «አክተር» ሲለወጥ

ደሴ ላይ ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት ስንገባ የፊልሙን ዋና ሰው «አክተሩ» ነበር የምንለው። ማን እንደሚጫወተው አንጠይቅም። አክተሩ አክተሩ ነው፤ አይሞትም። በቀደም የእህቴ ልጅ ሱፐርማን ሲያይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ትንሽ እንዳየሁ «ይሄ እኮ ሱፐርማን አይደለም» አልኩት። «አጎቴ፣ ሪቡት ነው» አለኝ።

ቃሉ የመጣው ከኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ሲያስቸግር አጥፍተን እንደገና እናስነሳው የለ? ፊልም ሰሪዎችም የቆየውን ታሪክ ይዘጉና ጀግናውን ከመጀመሪያው ያስነሱታል። ስሙ ይቀራል። እስከዚያ ያሳለፈው ሁሉ ግን እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከተከታይ ክፍል የሚለየው በዚህ ነው፤ ክፍል ሁለት ክፍል አንድን ያስታውሳል። መጽሐፍን ፊልም ማድረግም ሌላ ነው፤ እሱ ታሪኩን ቤት ያስቀይረዋል እንጂ የግድ ከዜሮ አያስጀምረውም።

የእንግሊዙን የፊልም ሰላይ ጄምስ ቦንድን እንይ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ተዋናዮቹ ሲቀያየሩ ሰውየው ግን ያው እንደሆነ ነበር የሚታየው። በ2006 ከዜሮ አስጀመሩት። የመግደል ፈቃዱን ገና ያገኘ፣ የሚሳሳት፣ የሚያፈቅርና የሚጎዳ ሰው ሆኖ መጣ።

ለምን ያደርጉታል? ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፤ ሰው የሚያውቀው ስም ትኬት ያስቆርጣል። ደግሞ የቀደመው ፊልም ተመልካች ሲያሳዝን ስሙን ለማዳን ይደረጋል። ባትማን በ1997 ከወጣው ፊልም በኋላ እስከ 2005 ድረስ ከሲኒማ የጠፋው በዚሁ ነው። ሲመለስ ጨለም ያለና ቁም ነገረኛ ሆኖ ነበር።

እኔን የገረመኝ ግን ስለ ሱፐርማን ያነበብኩት ነው። በ1938 በኮሚክ መጽሔት ሲወጣ መብረር አይችልም ነበር! ይዘል ነበር እንጂ። ሰማይ ላይ ያወጡት በ1940ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት የሬዲዮ ድራማና የካርቱን ፊልም ናቸው። የሚያደክመው ክሪፕቶናይት የሚባለው ድንጋይም ከሬዲዮው ነው የመጣው። እኔ «እውነተኛው» ብዬ የምሟገትለት ሱፐርማን ራሱ ተለውጦ ተለውጦ የደረሰኝ ነው።

ታዲያ ሁሉም ለውጥ እኩል ነው? አይመስለኝም። በ2013ቱ ፊልም ሱፐርማን የጠላቱን አንገት ሰብሮ ይገድላል። ብዙ አፍቃሪዎቹ ተቆጡ፤ እኔም ከፍቶኛል። መብረር ጉልበቱ ነው። አለመግደል ግን ጠባዩ ነው።

ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይሄ በቶሎ የሚገባው ይመስለኛል። አምባሰልም ባቲም አገራችን ናቸው፤ ቅኝቶችም ናቸው። ትዝታን ስንቱ ዘፈነው? ግጥሙ የየራሱ ነው። አንዱ በክራር፣ አንዱ በማሲንቆ፣ አንዱ በኪቦርድ ይጫወተዋል። ማንም «ይሄ ትዝታ አይደለም» አይልም። ድምፆቹን ከነካካህ ግን ሌላ ቅኝት ውስጥ ገብተሃል፤ ጆሮ ወዲያው ያውቃል። ጀግናም ቅኝት አለው። ልብሱ፣ ዘመኑ፣ ተዋናዩ ግጥም ናቸው።

ሼርሎክ ሆምስን ውሰዱ። በ1887 በልብ ወለድ የተወለደ የለንደን መርማሪ ነው። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል ሰልችቶት በ1893 ገደለው፤ አንባቢ አልለቅ ቢለው በ1903 ከሞት መለሰው። በ2010 ደግሞ የቢቢሲ ተከታታይ ድራማ ወደ ዛሬዪቱ ለንደን አመጣው። ቴሌግራም ይልክ የነበረው ሰው በሞባይል ቴክስት ያደርጋል። ግን ሰው ሲገባ ጫማውን፣ እጁን፣ አለባበሱን አይቶ ከየት እንደመጣ ይነግረዋል። ያው ሆምስ ነው። እንዲህ ያለውን ሪቡት እጄን ዘርግቼ ነው የምቀበለው።

በማግስቱ ውጪ ዝናብ ነበር፤ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ቡናው እስኪፈላ ለልጁ የ1978ቱን ሱፐርማን ከፈትኩለት። መጀመሪያ «ይንቀረፈፋል» ብሎ ስልኩን ያያል። ሴትየዋ ከሄሊኮፕተሩ ስትወድቅና ሰውየው አየር ላይ ሲቀልባት ግን ስልኩን አስቀመጠ።

«አጎቴ» አለኝ፣ «ይሄኛውም ያው ነው እኮ።»