ቺንክዌ ቴሬ፦ በድንጋይ ካብ ላይ የቆሙ አምስት የባሕር ዳር መንደሮች

ቺንክዌ ቴሬ በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በሊጉሪያ ክልል፣ ተራራው ሜዳ ሳያበጅ ቁልቁል ወደ ባሕር በሚወርድበት ጠረፍ ላይ የሚገኙ የአምስት መንደሮች የጋራ መጠሪያ ሲሆን፣ ትርጉሙም «አምስቱ ምድሮች» ማለት ነው። ከላ ስፔዚያ ከተማ ተነሥቶ ወደ ጄኖቫ አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው ሪዮማጆሬን፣ ማናሮላን፣ ኮርኒልያን፣ ቬርናዛንና ሞንቴሮሶን በዚሁ ቅደም ተከተል ያገኛቸዋል። መንደሮቹ አምስት ቢሆኑም ማዘጋጃ ቤቶቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ማናሮላ በሪዮማጆሬ፣ ኮርኒልያ ደግሞ በቬርናዛ ሥር ይተዳደራሉ።

ጎብኚውን አስቀድሞ የሚማርከው በገደል አፋፍ ላይ የተደራረቡት ባለ ቀለም ቤቶች ናቸው። የአካባቢው እውነተኛ ሥራ ግን ከቤቶቹ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ይገኛል። የመንደሮቹ ገበሬዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ገደሉን እየቆረጡ፣ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ድንጋይን በድንጋይ ላይ እየካቡ፣ ከካቡ ጀርባም አፈር እየሞሉ ጠባብ እርከኖችን ሠርተው ወይንና ወይራ ተክለዋል። ካቡ አፈሩን ከመያዙ ባሻገር በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት የዝናቡን ውኃ ቀስ በቀስ ስለሚያሳልፍ ተዳፋቱ ውኃ አዝሎ እንዳይንሸራተት ይከላከላል። የኮንሶን እርከን ያየ አንባቢ የሥራውን ዓይነት ለመረዳት አይቸገርም፤ ሁለቱም ቦታዎች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈሩት ሰው ከተፈጥሮ ጋር እየታገለ ባበጀው መልክዓ ምድር ነውና። ቺንክዌ ቴሬ ከጎረቤቱ ከፖርቶ ቬኔሬና ከአቅራቢያው ደሴቶች ጋር የተመዘገበው በ1997 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፣ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ1999 ነው። ያለ ማያያዣ ድንጋይ የመካብ ጥበብም ጣሊያንን ጨምሮ በስምንት የአውሮፓ አገሮች ስም በ2018 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

ካብ ግን ሁልጊዜ ጠጋኝ ይፈልጋል። የጄኖቫና የላ ስፔዚያ የባቡር መስመር በ1874 ከተከፈተ ወዲህ መንደሮቹ ከቀድሞ መነጠላቸው ወጡ፤ በኋላም ወጣቱ በከተማው ፋብሪካና ወደብ፣ ቀጥሎም በቱሪዝሙ ሥራ ሲያገኝ ብዙው እርከን ጦም አደረ። ባለቤት ያጣ ካብ ሲናድ የያዘውን አፈር ይዞ ይወርዳል። ጥቅምት 25 ቀን 2011 የጣለው ከባድ ዝናብ ያስነሣው ጎርፍና ናዳ ቬርናዛንና ሞንቴሮሶን በጭቃና በድንጋይ ሞልቶ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። በማግስቱ ዓመትም ከሪዮማጆሬ ወደ ማናሮላ በገደሉ ወገብ በሚያልፈው፣ «የፍቅር መንገድ» በሚባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ድንጋይ ተንዶ ጎብኚዎች ቆሰሉ፤ ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላው ይህ መንገድ ለሕዝብ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2024 ነው። ለአንድ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አሥራ ሁለት ዓመት መጠበቅ ብዙ ቢመስልም፣ ከላይ የተንጠለጠለውን ዓለት ያየ ሰው ምክንያቱን አያጣውም።

የእርከኑ ዋና ፍሬ ወይን ነው። ቦስኮ፣ አልባሮላና ቬርሜንቲኖ ከተባሉት የወይን ዝርያዎች ነጭ የወይን ጠጅ ይጠመቃል፤ ዘለላው በጥላ ሥር ለሳምንታት ከደረቀ በኋላ ሲጨመቅ ደግሞ «ሻኬትራ» የሚባል ጣፋጭና ውድ ወይን ይወጣዋል። እርከኑ ለመኪና ቀርቶ ለበቅሎም የማይመች ስለሆነ ዛሬ በብዙ ቦታ ዘለላው የሚጋዘው በአንድ ሐዲድ ላይ በሚሳብ ትንሽ ባቡር ነው። ሞንቴሮሶ በበኩሏ በጨው በሚታሸገው አንቾቪ የተባለ ትንሽ ዓሣ ትታወቃለች።

መንደሮቹ እንደ ጠባያቸው ይለያያሉ። ሰፊ አሸዋማ ዳርቻ ያላት ሞንቴሮሶ ብቻ ናት፤ በ1975 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው ገጣሚ ኤውጄኒዮ ሞንታሌም የልጅነቱን የሙቀት ወራት ያሳለፈው በዚያ ነበር። ቬርናዛ ለጀልባ መጠጊያ የሚሆን የተፈጥሮ ወደብ ሲኖራት፣ ከላይዋ የጥንት ምሽግ ግንብ ቆሟል። ኮርኒልያ ባሕሩን ከመቶ ሜትር ያህል ከፍታ ታያለች እንጂ አትነካውም፤ ከባቡር ጣቢያው ወደ መንደሩ በእግር የሚወጣ ሰው 382 ደረጃዎችን መቁጠር ይኖርበታል።

ከመንደር ወደ መንደር በባቡር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ቢሆንም፣ ሐዲዱ አብዛኛውን በዋሻ ውስጥ ስለሚያልፍ ተሳፋሪው ከጨለማው መካከል ባሕሩን የሚያየው ብልጭ እያለ ነው። በእግር የሚሄድ ሰው ሶሉ የማይንሸራተት ጫማ ያስፈልገዋል፤ ነጠላ ጫማ ለዚህ ተዳፋት አልተሠራም። ሐምሌና ነሐሴ እጅግ ስለሚጨናነቁ ግንቦት ወይም የወይን ለቀማው ወር መስከረም ይመረጣል። ገደሉን በሙሉ ለማየት ግን ከጀልባ የሚሻል የለም፤ ባሕሩ ጸጥ ባለበት ወራት ከኮርኒልያ በስተቀር በሁሉም መንደሮች የሚቆሙት ጀልባዎች በቂ ርቀት ስላላቸው፣ ተሳፋሪው የተጠገነውን እርከን አረንጓዴ መስመርና ካቡ ፈርሶ ቁጥቋጦ የዋጠውን ተዳፋት ጎን ለጎን ያያል።